እሳቱ የሚወለደው ፑንቲናው ሲከፈት ነው

ከአባቴ የወረስኩት ቮልስ ጧት ጧት እምቢ ማለት የጀመረው በክረምት ነው። ማታ ደህና ገብቶ ያደረ መኪና፣ ጧት ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው ይሽከረከራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። የሰፈር ልጆች እየጠራሁ፣ እያስገፋሁ ነበር ሥራ የምገባው። ከተነሳ በኋላም ጉልበት የለውም። ባሕር ዳር ውስጥ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚያወጣውን አቀበት ድሮ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረ መኪና በሁለተኛም ማቃሰት ጀመረ። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። "ካርቡራተሩ አርጅቷል" አሉኝ፤ ካርቡራተር ተገዝቶ ተቀየረ። ገንዘቤ ወጣ፣ መኪናው ግን ያው ነው።

ቀጥሎ ያዩልኝ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቮልስና ፊያት ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ካርቡራተሩን ዞር ብለውም አላዩት። የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን ላጥ አድርገው አነሱና፦

"ልጄ፣ እስቲ ጎንበስ ብለህ እይ። ምን ይታይሃል?"

"ፑንቲና ነው፣ ጋሼ።"

"ፑንቲና መሆኑስ ነው። ይከፈታል ወይ?"

ሞተሩን በቁልፍ ቀስ አድርገው እያዞሩ አሳዩኝ። አይከፈትም ማለት ይቻላል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል የቀረው ክፍተት የሲጋራ ወረቀት የሚያሳልፍ አይመስልም ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አስተካክለው "በል አስነሳ" አሉኝ። ገና ቁልፉን ከመንካቴ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ራሴ ነው የምሠራው። እየሠራሁም የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ብዙ የድሮ መኪና ባለቤት ፑንቲናን በግልባጩ እንደሚያውቀው ነው። የሚከተለው ማብራሪያ በዋናነት ስለ ቮልስ ነው፤ ነገሩ ግን ለላዳም ሆነ ለድሮዎቹ ትንንሽ ፊያቶች አንድ ነው፤ የሚለያየው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ፑንቲና ማለት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ካለው የተለየ ሥራ የለውም፤ ሁለት የብረት ነጥቦች ሲገጥሙ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ሲለያዩ ይቋረጣል። ልዩነቱ፣ ይህኛውን የሚያበራውና የሚያጠፋው የሰው እጅ ሳይሆን ራሱ ሞተሩ መሆኑ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው ነጥቦቹ ሲነካኩ ካንዴላው፣ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን የሚለኩሰው፣ እሳት የሚተፋ ይመስለዋል። አይደለም። ካንዴላው ላይ እሳት የሚፈነጥቀው ነጥቦቹ በተለያዩባት ቅጽበት ነው።

የቡሄን ጅራፍ አስቡ። ልጁ ጅራፉን በአናቱ ላይ ሲያዞረው ድምፅ የለውም፤ ኃይል እየተጠራቀመ ነው። ጅራፉ የሚጮኸው በድንገት ቀጭ አድርጎ ወደ ኋላ ሲመልሰው ነው። ቀስ ብሎ ቢመልሰው ምንም አይሰማም። የባትሪውን ትንሽ ቮልት የሚያሳድገው ቦቢናም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በውስጡ በአንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ወፈር ያለ ሆኖ ጥቂት መቶ ጊዜ የዞረ፣ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነና 100 እጥፍ ገደማ በልጦ የዞረ። ፑንቲናው ሲገጥም የባትሪው ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ሽቦ ገብቶ፣ በፑንቲናው አልፎ ወደ ቦዲ (ወደ መኪናው ብረት) ይወርዳል፤ ከ3 እስከ 4 አምፒር ያህል ነው። ብረቱ ማግኔት ይሆናል። ጅራፉ እየዞረ ነው ማለት ነው። ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ድንገት ይቆረጣል፤ ማግኔቱ ባንዴ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም በቀጭኑ ሽቦ ላይ ከ10,000 እስከ 20,000 ቮልት የሚደርስ ኃይል ያስነሳል። ይህ ኃይል በመሃለኛው ገመድ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይሄዳል፣ ከክዳኑ ሥር የሚሽከረከረው ሮተር ተራ የደረሰውን ካንዴላ ይመርጥለታል፣ እዚያም ክፍተቷን ዘሎ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል።

"ድንገት" የሚለው ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። ነጥቦቹ መለያየት ሲጀምሩ ኤሌክትሪኩ ወዲያው መቆም አይፈልግም፤ የተከፈተችውን ቀጭን ክፍተት ዘሎ መሄድ ይፈልጋል። ከዲስትሪቢዩተሩ ጎን በብሎን የታሰረችው ትንሽ ቆርቆሮ፣ ኮንደንሰር የምንላት፣ ያን የሚዘለውን ለቅጽበት ተቀብላ ትይዛለች። እሷ ከሞተች ማግኔቱ የሚፈርሰው እየተንፏቀቀ ነው፤ ካንዴላው ላይ የሚታየው እሳት የነጣ ሰማያዊ መሆኑ ይቀርና ቢጫ፣ ደካማ ይሆናል፤ ነጥቦቹም በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራሉ። አዲስ ፑንቲና አስገብታችሁ በሳምንቱ ከተቃጠለባችሁ ሻጩን ከመውቀሳችሁ በፊት ኮንደንሰሩን ለውጡ።

ይህች ማብሪያ ማጥፊያ ስንት ጊዜ እንደምትሠራ ባሰላሁ ጊዜ ለፑንቲና ያለኝ አክብሮት ጨመረ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ እሳት ይፈልጋል። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት ፈጀ እንበል፤ ሞተሩ በአማካይ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ዞረ ብንል ፑንቲናው በደቂቃ 4,000 ጊዜ፣ ጎንደር እስክትደርሱ ድረስ ደግሞ 720,000 ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል። በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን በኩል ስትነዱ ያቺ ጥፍር የምታክል ብረት አንድ ጊዜ እንኳ ሳታርፍ ትሠራለች። ብታልቅ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

ፑንቲናውን የሚከፍተው በዲስትሪቢዩተሩ መሃል የቆመው ዘንግ ላይ ያለ፣ አራት ጎን ያለው ካም ነው። ካሙ ሲዞር ማዕዘኑ የፑንቲናውን ክንድ እየገፋ ይከፍታል፣ ጠፍጣፋው ጎኑ ሲመጣ ስፕሪንጉ መልሶ ይገጥመዋል። ክንዱ ካሙን የሚነካው በብረቱ አይደለም፤ ከጠንካራ ፋይበር ወይም ፕላስቲክ በተሠራች፣ የምስር ፍሬ በምታክል ጉጥ ነው። እኔ ተረከዝ እላታለሁ፤ እንደ ጫማ ተረከዝ የምታልቀው እሷ ናትና። ተረከዟ በየቀኑ በጥቂቱ ትበላለች። ስትበላ ክንዱ ወደ ካሙ እየተጠጋ ይሄዳል፤ የነጥቦቹ ክፍተትም ይጠባል። የእኔ ቮልስ የሞተው በዚህ ነበር። የተሰበረ፣ የተቃጠለ ነገር አልነበረውም፤ ተረከዟ ደረቅ ካም ላይ ስትፈጭ ከርማ አልቃለች።

ክፍተቱ ሲጠብ ምን ይሆናል? አንደኛ፣ ፑንቲናው የሚገጥምበት ጊዜ ይረዝማል፣ የሚከፈትበት ያጥራል፤ ጨርሶ ከጠበበ ኤሌክትሪኩ በደንብ አይቆረጥም። ሁለተኛ፣ ይህ ነው ብዙዎች የማያስተውሉት፣ የሚከፈትበት ሰዓት ይዘገያል። ካሙ ክንዱን መግፋት ቢጀምርም ነጥቦቹ የሚለያዩት ማዕዘኑ ብዙ ከቀረበ በኋላ ነው። እሳቱ በመክፈቻዋ ቅጽበት የሚወለድ ከሆነ ደግሞ መክፈቻው ሲዘገይ እሳቱም ይዘገያል። ክፍተቱ ከልክ በላይ ሲሰፋ ተቃራኒው ይሆናል፤ እሳቱ ይቀድማል፣ ፑንቲናው የሚገጥምበት ጊዜ ስለሚያጥር ቦቢናው ሳይጠግብ ይቆረጣል፣ በፍጥነት ስትነዱም ሞተሩ መሳት ይጀምራል።

ስለዚህ የፑንቲና ክፍተትና ታይሚንግ (እሳቱ የሚመጣበት ሰዓት) ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም። ክፍተቱን የነካ ታይሚንጉን ነክቷል። ታይሚንጉን የነካ ግን ክፍተቱን አልነካም። ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይመጣል፤ መጀመሪያ ክፍተት፣ ቀጥሎ ታይሚንግ፤ በግልባጩ የሠራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ክፍተቱ የጠበበበትን መኪና ዲስትሪቢዩተሩን ብቻ አዙሮ "አስተካከልኩት" የሚል ሰው እሳቱን በሰዓቱ አምጥቶት ይሆናል፤ እሳቱ ግን ያው ደካማው እሳት ነው።

የቮልስ ልክ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የላዳም ከ0.35 እስከ 0.45 ስለሆነ 0.4 ላይ መቆም ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ከካሙ ዙር 90 ዲግሪ ይደርሰዋል፤ ቮልስ ላይ 0.4 ስታደርጉ ከዚያ ውስጥ ፑንቲናው ከ44 እስከ 50 ዲግሪ ያህሉን ገጥሞ ይቆያል። ይህን ዲግሪ የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ከቅጠል መለኪያ (ክፍተት ከሚለካበት ስስ ብረት) ይልቅ እሱን እመኑ፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሥራው የሚሠራው ሞተሩ በቀዘቀዘበት ነው፤ እኔ ጧት፣ ገና ፀሐይ ከሐይቁ ላይ ብቅ ስትል ነው የምጀምረው። ማርሹ ኖርማል፣ የእጅ ፍሬኑ የተሳበ፣ የማስነሻ ቁልፉ ወደ ማጥፊያው የዞረ። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የኋላውን ኮፋኖ ትከፍታላችሁ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን የያዙትን ሁለት ቅንጥብ ስፕሪንጎች በካቻቢቴ ገፋ ስታደርጓቸው ይለቃሉ፤ ገመዶቹን ሳትነቅሉ ክዳኑን ወደ ጎን አስቀምጡት። ሮተሩን ወደ ላይ ሳብ ስታደርጉት ይወጣል። አሁን ፑንቲናው ፊት ለፊት ይታያችኋል።

ነጥቦቹን በካቻቢቴ ጫፍ ከፈት አድርጋችሁ በደንብ እዩ። ደህና የሆኑ ነጥቦች ግራጫ፣ ለስለስ ያሉ ናቸው። ብዙ የሠሩ ከሆነ አንደኛው ላይ ትንሽ ጉድጓድ፣ በሌላኛው ላይ ደግሞ ትይዩ የሆነች ጉብታ ታገኛላችሁ፤ ኤሌክትሪኩ በየመክፈቻው ከአንዱ ብረት ጥቂት እያነሳ በሌላው ላይ ስለሚለጥፍ ነው። ቅጠል መለኪያ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ በጉብታዋ አናት ላይ ያርፋል እንጂ ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም፤ እናንተ 0.4 አነበባችሁ፣ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ ይበልጣል። ጉብታዋ ትንሽ ከሆነች በቀጭን ሞረድ ጠፍጠፍ አድርጓት። ብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፤ የሚራገፈው አሸዋ ነጥቦቹ መካከል ይቀራል። ጉድጓዱ ከጠለቀ አትልፉ፤ አዲስ ፑንቲና ግዙ።

ቀጥሎ ተረከዟ ከካሙ አራት ማዕዘኖች በአንዱ ጫፍ ላይ በትክክል እንድትቆም ሞተሩን ማዞር አለባችሁ። የዲናሞውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት) በ21 ቁልፍ ያዙና ወደ ቀኝ፣ ሰዓት እንደሚዞርበት አዙሩ፤ ቺንጋው ሞተሩን ይዞት ይዞራል። ቺንጋው ላልቶ ከተንሸራተተ ከታች ባለው በትልቁ የሞተር ፑሌጃ ላይ የ30 ቁልፍ ይገባል። ካንዴላዎቹን አስቀድማችሁ ብትፈቱ በአንድ እጅ ይዞርላችኋል። ተረከዟ ጫፍ ላይ ስትቆም ነጥቦቹ እስከሚችሉት ድረስ ተከፍተዋል። ፑንቲናውን ከመቀመጫው ያሰረውን ብሎን ጥቂት አላሉ፤ ጨርሳችሁ አትፍቱት። ከጎኑ ካቻቢቴ የሚገባባት ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፤ እዚያ አስገብታችሁ በጥቂቱ ስታዞሩት ፑንቲናው ይጠጋል ወይም ይርቃል። የ0.4 ቅጠሉን አስገቡ። ልኩ የሚታወቀው በዓይን ሳይሆን በእጅ ነው፤ ቅጠሉን ስትስቡት ነጥቦቹ ያዝ አድርገው ይለቁታል፣ ክንዱ ግን ከቅጠሉ ጋር አይንቀሳቀስም። ብሎኑን አጥብቁና እንደገና ለኩ። ብሎን ሲጠብቅ ፑንቲናውን ይዞት ስለሚሄድ መጀመሪያ የለካችሁት ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳልደግም የወጣልኝ ቀን የለም።

መለኪያ በሌለበት፣ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ይበቃችኋል። ባለ 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ጊዜ ስታጥፉት አራት እጥፍ ሆኖ 0.4 ይመጣል። የባንክ ካርድ ግን እንዳትሞክሩ፤ 0.76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ወረቀቱ ቤት የሚያደርስ እንጂ የሚያኖር መፍትሔ አይደለም።

ከመዝጋታችሁ በፊት ነጥቦቹን በንጹሕ ወረቀት ጠረግ አድርጉ፤ የቅጠሉ ዘይት ከቀረባቸው ይቃጠላል። ካሙ ላይ ደግሞ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ግሪስ ቀቡ። የእኔን መኪና የገደለው የዚህች ቅንጣት መታጣት ነው። ሲበዛ ግን ግሪሱ ተረጭቶ ነጥቦቹ ላይ ስለሚያርፍ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

ክፍተቱ አለቀ። አሁን ሰዓቱን እንሙላ።

ቤንዚንና አየር ሲሊንደር ውስጥ ሲቀጣጠሉ ባንዴ አይፈነዱም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ እስኪዳረስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ፒስቶኑ ወጥቶ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ እሳቱ መለኮስ አለበት፤ ግፊቱ ሙሉ የሚሆነው ፒስቶኑ ቁልቁል ሊወርድ ሲል እንዲሆን ነው። ለብዙዎቹ የድሮ ቮልሶች ይህ ቅድሚያ 7.5 ዲግሪ ነው። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም፤ 10 ዲግሪ የሚፈልግ አለ፣ በጫፉ ላይ ዜሮ የሆነ አለ፣ ከጫፉ በኋላ 5 ዲግሪ የተደረገለትም አለ። ይህን የሚወስነው የመኪናው ዓመት ብቻ ሳይሆን የተገጠመለት ዲስትሪቢዩተር ነው። እኛ አገር ደግሞ ቮልስ ዕድሜውን ሙሉ ከሌላ ቮልስ ዕቃ ሲበደር የኖረ ስለሆነ ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብባችሁ የእሱን ልክ አጣሩ። ሞተሩ ሲፈጥን የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ቅድሚያ ዲስትሪቢዩተሩ ራሱ በቫክዩም ወይም ሲዞሩ በሚበተኑ ትንንሽ ክብደቶች ይጨምራል፤ እናንተ የምታስተካክሉት መነሻውን ነው።

የምትፈልጉት አንድ ትንሽ አምፖልና ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። መኪናው ባለ 12 ቮልት ከሆነ የ12፣ ከእ.ኤ.አ. 1967 ሞዴል በፊት እንደነበሩት አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ከሆነ የ6። ሞተሩን በዲናሞው ፑሌጃ እያዞራችሁ በትልቁ ፑሌጃ ጠርዝ ላይ ያለው የታይሚንግ ጭረት የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከተገጣጠሙበት ስንጥቅ ትይዩ እንዲመጣ አድርጉ። ከአንድ በላይ ጭረት ካለ የትኛው የእናንተ እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩና በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉበት። ሮተሩን መልሱት፤ ዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወደተፋቀችው ትንሽ ጭረት የሚያመለክት ከሆነ አንደኛው ሲሊንደር ተራው ደርሷል ማለት ነው። ወደ ተቃራኒው ካመለከተ አትደንግጡ፤ ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩለት።

ከአምፖሉ አንዱን ሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ቦቢናው ላይ ከሚታሰርበት ቦታ አገናኙ፤ ሌላውን ንጹሕ ብረት አስነኩት። ዲስትሪቢዩተሩን ከሥሩ ያነቀውን ብሎን በ10 ቁልፍ አላሉ። ቁልፉን አብሩ፤ ሞተሩን ግን አታስነሱ። አሁን ፑንቲናው ሲገጥም ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ስለሚወርድ አምፖሉ ይጠፋል፤ ሲከፈት ሌላ መንገድ ስለሚያጣ በአምፖሉ ያልፋል፣ ይበራል። የአምፖሉ መብራት የመክፈቻዋ ቅጽበት ናት ማለት ነው፤ ሌላ ጊዜ በዓይን የማትታየው ቅጽበት።

ቮልስ ላይ ሮተሩ የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው። ዲስትሪቢዩተሩን መጀመሪያ ወደ ቀኝ አዙራችሁ አምፖሉን አጥፉት፤ ከዚያ ወደ ግራ፣ በጣም ቀስ አድርጋችሁ፣ መልሱት። ገና ብልጭ ስትል ቁሙ። ብሎኑን አጥብቁ። ከዚያ ቁልፉን አጥፍታችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩና፣ ቁልፉን መልሳችሁ አብርታችሁ፣ ጭረቱ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ አምፖሉ በዚያው ቅጽበት መብራቱን አረጋግጡ። ቁልፉን በርቶ ትታችሁ ወሬ እንዳትይዙ፤ ፑንቲናው ገጥሞ ከቆየ ቦቢናው ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

በጆሯቸው ብቻ የሚያስተካክሉ መካኒኮች አሉ፤ ችሎታቸውን አከብራለሁ። ግን በተለይ ለባሕር ዳር ሰው የምለው አለኝ። ሚኒሞ ላይ ያለ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራ) ሞተር እሳቱን ባስቀደማችሁለት ቁጥር እየፈጠነና እያማረበት ስለሚሄድ ጆሮ ሁልጊዜ ወደ መቅደም ያዘነብላል። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሳስቷል፤ ሲሊንደሩ የሚጎርሰው አየር አነስተኛ ስለሆነ እሳቱ ትንሽ ቢቀድምም ሞተሩ አያንኳኳም፤ ጥፋቱ ይሸፈናል። እዚህ የማያንኳኳው መኪና ግን ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ወንዙ ጋ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል፣ ሙቀቱ ያይላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አቀበት ነው። ቮልስ ደግሞ የሚቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውኃ አይደለም። እሳቱ የቀደመ ሞተር እዚያ አቀበት ላይ ጠጠር እንደተናጠ ጣሳ ማንኳኳት ይጀምራል፤ አሽከርካሪው ካልሰማው ፒስቶኑ ሊበሳ ይችላል። አምፖሏ ከፍታ አታውቅም፤ የትም ሆናችሁ አንድ ዓይነት ትናገራለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን በጣም የገረመኝ ስለሆነ ነው። በአንዳንድ የቮልስ ዲስትሪቢዩተሮች ካም ላይ አንደኛው ማዕዘን ሆን ተብሎ ከቦታው ፈቀቅ ተደርጓል፤ ሦስተኛው ሲሊንደር እሳቱን ጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ እንዲያገኝ። የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቀዘቅዝበትን አየር ስለሚሻማው ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ ሠሪዎቹ በዚህ መንገድ አሳረፉት። ስለዚህ ታይሚንግን ሁልጊዜ በአንደኛው ሲሊንደር ለኩ። በሦስተኛው የለካ ሰው የሌለ ጥፋት ያገኛል፤ ያንን ሲያርም ደግሞ ሌሎቹን ሦስቱን ያበላሻል።

ክዳኑን ስትመልሱ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ስንጥቅ፣ ወይም እርሳስ ያሰመረው የሚመስል ጥቁር ቀጭን መስመር ካለ ለውጡት። ሐይቁ ዳር የምንኖር ሰዎች በክረምት ጧት ክዳኑ ውስጥ ላብ የመሰለ እርጥበት ማግኘታችን የተለመደ ነው፤ ያ ሁሉ ሺህ ቮልት በእርጥበቷ ላይ ተንሸራቶ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ፑንቲናው ደህና ሆኖ ጧት ብቻ ለሚያስቸግር መኪና መጀመሪያ መነካት ያለበት ይህ ክዳን ነው፤ ጠርጎ መመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ፑንቲናው አዲስ ከሆነ ተረከዟ ገና ካሙን አልለመደችም፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከወትሮው ፈጥና ትበላለች፣ ክፍተቱም ይጠባል። እኔ አዲስ ባስገባሁ ቁጥር ጎንደር ደርሼ ስመለስ ክዳኑን እከፍትና ክፍተቱን እለካለሁ፤ ከተነካ አስተካክዬ አምፖሏን እንደገና እይዛለሁ። ከዚያ በኋላ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይበቃዋል፤ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በኮፋኖው ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ በኖራ ጠመኔ እጽፈዋለሁ።